አልጋው እንደተነጠፈ ነበር

ይድረስ ከሩቅ ሆኜ ሁልጊዜ ለማስብህ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጅህ አደገችልህ? አማትህ ከእናንተ ጋር መኖር እንደጀመሩ እማዬ ነግራኛለች፤ ወገባቸውን ያማቸው ነበር አለች፣ አሁን ተሻላቸው? ወፍጮ ቤቱስ እንዴት ነው? የዱቄቱ ብናኝ ያስለዋል እያለች እማዬ ትብሰለሰላለች፤ አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ሸፈን አድርገህ ሥራ። ሰላምታዬ ቢበዛብህ አትታዘበኝ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ጥርቅም ነው። እያንዳንዱን ዓመት ለብቻው ሰላም ልበልህ ብል ወረቀት አይበቃኝም።

እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ጉንፋን እንኳ ከያዘኝ ቆየ። ናፍቆት በሽታ ነው ካልክ ግን መድኃኒት የሌለው በሽተኛ ነኝ።

ስልክህን ከእማዬ ለማግኘት ያልለመንኳት ልመና የለም። «ፈቅዶ እሱ ራሱ ይስጥሽ እንጂ እኔ አልሰጥሽም» ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻ የፖስታ አድራሻህን ብቻ ሰጠችኝ። አሁን ሳስበው ደግ አደረገች። በስልክ ቢሆን «ሄሎ» ስትለኝ አልቅሼ እዘጋው ነበር። ደብዳቤ ላይ ግን እያለቀስኩም መጻፍ እችላለሁ፤ አንተ አታይም።

የምኖረው ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ጠዋት ምድጃው ሲነድ ወለሉ ይሞቃል፤ ክረምት ከበጋ በባዶ እግሬ ነው የምሄድባት። መስኮቷ የምታየው ዳገታማውን መንገድ ነው። የጭነት መኪናዎች ዳገቱን ሲጀምሩ ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማኛል። አብዛኛው ሾፌር ማርሹን ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ያንጓጓዋል። አልፎ አልፎ ግን እንደ አንተ ለስለስ አድርጎ የሚያስገባ አለ። ያን ጊዜ የያዝኩትን ጥዬ ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ። አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። መንጃ ፈቃድህን ያጣኸው በእኔ ቃል እንደሆነም አውቃለሁ። ግን እሮጣለሁ።

ሥራዬ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ክፍል ማጽዳትና አልጋ ማንጠፍ ነው። በቀን አሥራ ስምንት አልጋ አነጥፋለሁ። አንሶላውን አንዴ ነፋ አድርጌ ስለቀው አራቱም ማዕዘን ቦታውን ይዞ ያርፋል፤ እማዬ ብታየኝ ያ ሁሉ ቁጣዋ በከንቱ እንዳልቀረ ታውቅ ነበር። አለቃችን ጥሩ ሴት ናት፣ ክፉ ቃል አይወጣትም፤ ብቻ ሁሉን ነገር መዝገብ ላይ ማስፈር ትወዳለች። የትኛው ክፍል ታደረበት፣ የትኛው አልታደረበትም፣ እየዞርን ምልክት እናደርጋለን።

ደግሞ ሌላ ወሬ አለኝ፣ አትሳቅ። ኮሌጅ ገብቻለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ ቦርሳ አንግቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እማራለሁ። የሕመምተኛ ረዳት ለመሆን ነው የተመዘገብኩት። መጀመሪያ ግን ሁሉም ተማሪ የሚወስደው አንድ ትምህርት አለ፤ ስሙ «የምክንያታዊ አስተሳሰብ መግቢያ» ይባላል። ስሰማው ተናደድኩ። እስከ ዛሬ በምን ሳስብ ኖሬ ነው ማሰብን ከፍዬ የምማረው ብዬ አጉረመረምኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ «እኔ የስንቱን ጭንቅላት ሳስተካክል ኖሬ የራሴን ልታስተካክሉ ነው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው።

መምህርታችን በዕድሜ የገፉ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ድምፃቸው ግን ከግድግዳው ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። ተማሪው በሹክሹክታ «እትዬ እንዴት-አወቃችሁ» ይላቸዋል። ምንም ነገር ተናገር፣ «ዛሬ ብርድ ነው» በል፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እንዴት አወቅህ?» ይሉሃል። ለክፋት አይደለም፤ በእውነት ማወቅ ይፈልጋሉ።

አንድ ጠዋት ጃንጥላቸው ውኃ እያንጠባጠበ ገቡ። መጋረጃዎቹ ተዘግተዋል። «ውጭ ምን እየሆነ ነው?» አሉን። ሁላችንም «ዝናብ!» አልን። ፀጉር አስተካካዩማ «ኧረ ዶፍ ነው!» አለ። ሄደው መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉት ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ለካስ ጃንጥላውን መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሥር አርሰውት ነው የመጡት። «ያያችሁት እርጥብ ጃንጥላ ነው፤ ዝናቡን ከየራሳችሁ ነው ያመጣችሁት» አሉን። ፀጉር አስተካካዩ ተሟገተ፤ «እኛ ምን አጠፋን፣ የዋሸን ጃንጥላው ነው» አለ። «ጃንጥላው ‹እርጥብ ነኝ› ከማለት በቀር ምን አለህ?» አሉት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ዕለት ገና መሳቅ እችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተማርን። አንድ ነገር ሌላውን ስለተከተለ ብቻ የፊተኛው የኋለኛው ምክንያት ነው እንደማይባል፤ የተናጋሪው ማንነት ንግግሩን እውነት ወይም ሐሰት እንደማያደርገው። ደግሞ አንድ ቀን «አሥር ሰው ከአንድ ሰው ሰምቶ ቢናገር አሥር ምስክር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ምስክርና ዘጠኝ የገደል ማሚቶ ነው» አሉን። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከዚያ የቤት ሥራ መጣ። «እርግጠኛ የሆናችሁበትን፣ ሰውንም የሚነካ አንድ ድምዳሜ ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ ከሰው የሰማችሁትንና ራሳችሁ የገመታችሁትን ለዩ። ስትጽፉ ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው እንደምትነግሩ አድርጉት» አሉን። እኔ በሕይወቴ ከሁሉ ይልቅ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አንተ ነህ ወንድም ጋሼ። «ወንድሜ መኪናውን የገለበጠው እንቅልፍ ጥሎት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቀላሉን የመረጥኩ መስሎኝ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ጨርሼ ልብሴን ላጥብ ነበር ሐሳቤ።

አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን መምህርታችን እንዳሉት ለማያውቅ ሰው እንደጻፍኩት ልንገርህ፤ ምን ብዬ እንደኖርኩ እንድታይልኝ።

አባታችን አናጢ ነው። በዚያ ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት አሥራ አራት በር ሠርቶ ጨርሶ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የሰው የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበረ በሮቹን ሊያደርስለት ተስማሙ። ሊነጋጋ ሲል ተነሥቼ ስንቃቸውን ልቋጥር ወደ ማእድ ቤት ሳልፍ፣ ከግቢው ማዶ ያለው የወንድሜ ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። አየሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነበር። ሰሞኑን ከጓደኞቹ ጋር ካርታ እየተጫወተ ያመሽ ስለነበር «ዛሬም ሳይተኛ አነጋው» አልኩ በሆዴ። እነሱም ወጡ። ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። በሮቹ ሁሉ ተሰባበሩ፣ የአባታችን እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወንድሜ ክንዱ ተፋቀ እንጂ ተረፈ። ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ የትራፊክ መርማሪው መጥቶ ጠየቀን። ወንድሜ «ተኝቼ ነው የወጣሁት፤ ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አለ። እኔ ግን የአባቴ ደም ልብሴ ላይ ነበር፣ ተናድጄ ነበር፤ «ውሸቱን ነው! አልተኛም፣ አልጋው እንደተነጠፈ ነበር» አልኩ። መርማሪው ጻፈ። ወንድሜ ዘወር ብሎ አየኝና «አንቺ?» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ከቤት ወጥቶ ሄደ።

እንግዲህ ይህን ጽፌ ማስረጃዬን ልደረድር ተቀመጥኩ። አባዬ እንቅልፍ ጥሎህ እንደሆነ ያምናል። አክስታችንም፣ ባለመኪናውም፣ ጎረቤቱም ያምናል። ይህ ሁሉ ሰው ይሳሳታል? ከዚያ መምህርታችን እንዳስተማሩን ከእያንዳንዱ ሰው ስም ቀስት እየሳብኩ ከማን እንደሰማ ጻፍኩ። አክስቴ ከአባዬ። ጎረቤት ከአክስቴ። ባለመኪናው ከመርማሪው። አባዬ ከእኔ። መርማሪው ከእኔ። ቀስቱ ሁሉ እየዞረ መጥቶ እኔው ላይ ተሰካ። በእኔና በእውነቱ መካከል ደግሞ ያለው አንድ የተነጠፈ አልጋ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ልቤ እሺ አላለም። አልጋ ካልተነካ ሰው አልተኛበትም፣ ይሄ ምን ጥያቄ አለው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። ረቡዕ ዕለት ሥራ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ያለ አንድ ክፍል አንኳኳሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አልጋው ሳይነካ ስለማገኘው መዝገቡ ላይ «አልታደረበትም» እያልኩ ስሞላ ነበር። መልስ ሳጣ ከፍቼ ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ምንጣፉ ላይ ካፖርታቸውን ተንተርሰው ተኝተዋል። ደንግጠው ተነሡና ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ «ልጄ፣ ፍራሹ ይለሰልስብኛል፣ ጀርባዬ አይችለውም፤ ሥራ እንዳላበዛብሽ ብዬ ነው ሳልነካው የተውኩት» አሉኝ። በሩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው አልጋውን ሳይነካ ሊተኛ ይችላል። በቀን አሥራ ስምንት አልጋ የማነጥፍ ሴት ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

እሑድ ቀን ለእማዬ ደወልኩ። ዙሪያ ጥምጥም አላልኩም፤ «እማዬ፣ አደጋው የደረሰ ዕለት፣ ዋዜማውን ወንድም ጋሼ የት ነው ያደረው?» አልኳት። ጓሮ ያሉት ዶሮዎች ሲንጫጩ በስልኩ ይሰማኛል። «እኔ ጋ ነዋ! የት እንዲያድር ፈልገሽ ነበር?» አለችኝ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ሳልሰማ አስሟ ተነሥቶባት እንደነበር፣ አባዬ በሮቹን ሊጠብቅ ወርክሾፑ ውስጥ እንዳደረ፣ አንተ «ብቻሽን አትሆኚም» ብለህ የእንግዳውን ፍራሽ ከአልጋዋ ሥር ዘርግተህ በጊዜ እንደተኛህ ነገረችኝ። «እንዴት ያለ ማንኮራፋት መሰለሽ! እንቅልፍ ቢነሣኝ ሁለቴ በከዘራ ነካ አድርጌዋለሁ» አለች። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ብዬ ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ። «ተናግሬያለሁ እንጂ! ለአባትሽ ነገርኩት። ‹እናቱ ነሽ፣ ሌላ ምን ልትይ ኖሯል?› ብሎ አፌን አስያዘኝ። አንቺም ያኔ ማንን የምትሰሚ ነበርሽ?»

እውነቷን ነው። ማንንም የምሰማ አልነበርኩም።

አሁን የምነግርህ ነገር ቅር እንዳያሰኝህ፤ ሁሉን ልንገርህ ብዬ ስለማልኩ ነው። ስልኩን ስዘጋ ለአፍታ «እማዬ ለልጇ ብላ ብትሆንስ?» ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ግን የነገረችኝ አንድ ነገር መጣብኝ። ፍራሹን ስታጥፍ የመኪናውን ቁልፍ ከሥሩ አግኝታ፣ አንተ ኪስህን እየዳበስክ ሳለ ሮጣ በሩ ላይ እንዳቀበለችህ ብላኛለች። ወንድም ጋሼ፣ እሱን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ! ከማእድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እማዬ በባዶ እግሯ ወደ በሩ ስትሮጥ፣ እጅህ ውስጥ የሆነ ነገር ስታስቀምጥ አይቻለሁ። ያኔ ልትሰናበትህ መስሎኝ ነበር። ያየሁትን ረስቼ ያላየሁትን መሰከርኩብህ።

ያን ጊዜ አንተ ራስህ ለምን «እማዬ ጋ ነው ያደርኩት፣ እሷን ጠይቋት» እንዳላልክ አላውቅም። ታማ ስለነበር በየቢሮው እንዳትንገላታ ብለህ ይሆን? ወይስ የገዛ እህትህ ካላመነችህ ማንም አያምነኝም ብለህ ተስፋ ቆረጥክ? ሌላም ግምት አለኝ። ግን ግምት መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ እውነቱን የምታውቀው አንተ ነህ።

የቤት ሥራዬን እንደገና ጻፍኩት። ስጨርስ በትልልቁ «ስለዚህ ወንድሜ ምንም ጥፋት የለበትም፤ መኪናውን የገለበጠው የፍሬን ብልሽት ነው» አልኩና በኩራት አስረከብኩ። ሲመለስልኝ መምህርታችን ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አጠገብ በእርሳስ አንድ ነገር ብቻ ጽፈዋል። መቼም ታውቀዋለህ፤ «እንዴት አወቅሽ?» የሚል ነው። ደሜ ፈላ። ወጥቼ መተላለፊያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ፀጉር አስተካካዩ መሐረቡን አቀበለኝና አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሄደ፤ እሱን ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ እሳቸው መጥተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ወንድምሽን ልታድኚ ብለሽ ያንኑ ስህተት አትድገሚው። በመጀመሪያ ያላየሽውን እንቅልፍ መሰከርሽ፤ አሁን ደግሞ ያላየሽውን ፍሬን ትመሰክሪያለሽ። አንዱ ምክንያት ስለፈረሰ ሌላው አይቆምም» አሉኝ። «ታዲያ ምን ቀረኝ?» አልኳቸው። «የምታውቂው ቀረሽ። ትንሽ ነው፣ ግን የራስሽ ነው» አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ለአባዬም ደውዬ ነገርኩት። እግሩ አሁንም በምርኩዝ ነው፤ ሥራውን ግን አልተወም፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይልጋል። ቀስቶቹን ሁሉ በቃል ሳልኩለት፤ መጨረሻቸው እኔ ጋ እንደሆነም ነገርኩት። የእማዬንም፣ የቁልፉንም ተናገርኩ። እሱም «እኔ ራሴ አሸልቤ ነበር። ስነቃ መኪናው እየሄደ ነበር፣ እሱ ‹አባዬ ያዝ!› ሲለኝ ብቻ ነው የሰማሁት። እግሩ ፍሬኑ ላይ ይሁን አይሁን አላየሁም» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም። ከዚያ ድምፁ ሰለል አለና «‹ያዝ!› ያለኝ ሰው እኮ ነቅቶ ነበር» አለ። ነቅተህ የነበርከው መኪናው ካመለጠህ በኋላ ይሁን ከዚያም በፊት ከዚህ ማወቅ እንደማይቻል በሆዴ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም። አንዳንድ ጊዜ አባት ሲያለቅስ ትምህርት ቤት በሩን ይዘጋል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ «ልጁ ማንን ትመስላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላየኋትም» አልኩት። «እኔም» አለ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት ታገኛለህ። ውል በሚያጸድቁበት ጽሕፈት ቤት ቀርቤ ፈርሜ ማኅተም ያስደረግሁበት ነው። ሁለተኛውን ቅጂ ያኔ ጉዳይህን ላየው ቢሮ ልኬዋለሁ። አጭር ነው። ወንድሜ አልተኛም ብዬ የሰጠሁት ቃል በዓይኔ ያየሁት ሳይሆን ግምቴ እንደነበረ፣ ያየሁት የተነጠፈ አልጋ ብቻ እንደሆነ፣ እናቴ በዚያ ሌሊት አጠገቧ ተኝቶ እንደነበር እንደምትመሰክር፣ ጠዋት እጁ ውስጥ የሆነ ነገር ስታስቀምጥ ግን እኔው ማየቴን ይላል። ይህ መንጃ ፈቃድህን ይመልስልህ አይመልስልህ አላውቅም። ከዘገየም በጣም ዘገየ። ስለ ፍሬኑ ወረቀቱ ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ ስላላየሁ። ስታነበው «አሁንም አላመነችኝም» እንዳትል ፈራሁ፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፍልህ። እዚያ ማኅተም ያረፈበት የማውቀውን ነው። የማምነውን ደግሞ ለአንተ ብቻ እነግርሃለሁ። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ብለሃል፤ አምንሃለሁ። በማስረጃ አይደለም። ወንድሜ ስለሆንክና ከዚያ በፊት አንድ ቀንም ዋሽተኸኝ ስለማታውቅ ነው።

ይቅር በለኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር፣ ተናድጄ ነበር፣ ደንግጬ ነበር፤ ይህ ሁሉ ለምን እንዳጠፋሁ ይናገራል እንጂ ጥፋቴን አያነሣልኝም። ከቤት የወጣህ ጠዋት መስኮት ላይ ቆሜ አይቼሃለሁ። ሻንጣህን በግራ እጅህ ይዘህ፣ ቀኙ ክንድህ ገና በፋሻ ነበር። ዞር ትል እንደሆን ብዬ ጠበቅሁ። ብትዞር እወርድ ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። እሱንም አላውቅም። ምናልባት አልወርድም ነበር።

ምን እንደሚናፍቀኝ ልንገርህ? ትልቁ ነገር አይደለም። ጋቢናው ውስጥ አጠገብህ አስቀምጠኸኝ፣ ከፊታችን የሚሄደውን መኪና የሰሌዳ ቁጥር እያሳየህ «ደምሪያቸው፣ ጮሌ» የምትለኝ። ተሳስቼ ስደምር ዝም ብለህ ትነዳና፣ ራሴ አግኝቼ ሳርመው መሪውን በመዳፍህ ድብ ድብ የምታደርገው። ካንተ በኋላ ጮሌ ብሎ የጠራኝ የለም። ደግሞ እጅህን ስትታጠብ የምታፏጨው ዜማ የሌለው ፉጨት። ይኸው ዕድሜዬ ሠላሳ አለፈ፣ ጎኔ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ያንተን ቦታ የያዘብኝ ይመስለኛል።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በክፉ ቀንህ አጠገብህ የቆመች እሷ ናትና ባለዕዳዋ ነኝ፣ ይህን በእኔ አንደበት ንገራት። አማትህን እጅ ነሥቼ እግዜር ይማርዎት ብላለች በላቸው፤ ትራስ ከጉልበታቸው ሥር ቢያደርጉ ለወገባቸው እንደሚሻል ተምረናል። ልጅህን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። አክስት አለችሽ በላት፤ ክፉ ናት ጥሩ ናት ሳትል፣ አለችሽ ብቻ በላት፣ ሌላውን አድጋ ራሷ ትፍረድ። ማንን እንደምትመስል ለአባዬ ጻፍለት፤ ለእኔ መጻፍ ቢከብድህ እንኳ ለእሱ ጻፍለት። እማዬና አባዬ ደህና ናቸው፤ ሁለቱም ስምህን በአንድ ማዕድ ላይ መጥራት ጀምረዋል።

መልስ ብትልክልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ዝም ብትለኝ ደግሞ «ጠልቶኛል» ብዬ አልደመድምም። ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል እላለሁ። ወፍጮው ሥራ በዝቶበት ይሆናል እላለሁ። ጀምሮ የሚለው ቃል አጥሮት ይሆናል፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶት ይሆናል እላለሁ። ምክንያት አያልቅብኝም፤ እየፈለግሁ እጠብቅሃለሁ።

ናፋቂ እህትህ

ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮት አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የካቲት ፱ ቀን